አሰርኳት

ውብነሽ ሠረቀብርሃንን ገና ከመጀመሪያው ቀን ጠላችው። ለማንም አልተናገረችም። ሥራዋ እንዲህ ያለውን ነገር መናገር አይፈቅድላትም።

የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነች። አዲስ አበባ ሳለች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምር ነበር። አሜሪካ ከገባች በኋላ ስድስት ዓመት ሆቴል ውስጥ አልጋ ስታነጥፍ ቆይታ፣ ፈተናውን አልፋ ይህን ሥራ ያዘች። የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ቀጠሮ ካለ ግን ሜሪላንድ ቨርጂኒያ ሳትል ትሄዳለች። የሥራው ደንብ አጭር ነው፦ የተባለውን በሙሉ፣ ያልተባለውን በፍጹም። ተከሳሹ በአማርኛ «እኔ» ሲል እሷም በእንግሊዝኛ «እኔ» ትላለች። ሰካራም ሲሳደብ አብራ ትሳደባለች፣ ሌባ ሲምል አብራ ትምላለች። ከፍርድ ቤቱ በር ስትወጣ ሁሉንም እዚያው ትታው ነው የምትወጣው። በፈረንጆቹ እስከ 2012 ድረስ እንዲህ ነበር።

የሠረቀብርሃን ጉዳይ የመጣው በዚያ ዓመት ፀደይ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ፍርድ ቤት ነው። ሰውየው ሃምሳ አልፎታል። ቄስ አይደለም፣ ፓስተርም አይደለም፤ የሾመው ማንም የለም። ድሮ የፓርኪንግ ሱፐርቫይዘር ነበር። አንድ ቀን ራእይ አየሁ ብሎ ሥራውን ተወና፣ ከሚስቱ ከየወይንሐረግ ጋር በተከራየው ቤት ቤዝመንት፣ ከመሬት በታች ባለው ክፍል ውስጥ፣ የጸሎት ቡድን አቋቋመ። ከኦርቶዶክሱም ከጴንጤውም ያኮረፉ፣ የታመሙ፣ የመኖሪያ ወረቀት ያስጨነቃቸው ሰዎች ይሄዱለት ነበር። «አባታችን» ይሉታል። ሌላው ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ለዘብ ብሏል፣ የክርስቶስ ትእዛዝ ሳይሸራረፍ የቀረው እኛ ጋ ብቻ ነው እያለ ያስተምራቸዋል።

የክሱ ተበዳይ ዕንቁ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባትና ጠዋትና ማታ ኪኒን ትወስዳለች። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከታላቅ ወንድሟ ከዓብዩ ጋር ትኖር ነበር። አንድ ቀን የምትሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ወድቃ ክንዷ ሲቃጠል ዓብዩ ፈራ። ወደዚያ ቤዝመንት የወሰዳት እሱ ነው።

ሠረቀብርሃን መጀመሪያ ኪኒኗን ሽንት ቤት ውስጥ ደፋው። ከዚያ አምስት ቀን እህል አላስቀመሳትም፣ ውሃ የሚሰጣት በማንኪያ ነበር። ሲጥላት «ጋኔኑ እየታገለ ነው» ብሎ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አዙሮ በተገመደ ሻርፕ አሰራት። በአምስተኛው ቀን መንቀጥቀጡ አልቆም ሲል ዓብዩ ደጅ ወጥቶ ናይን ዋን ዋን ደውሎ አምቡላንስ ጠራ። ሐኪሞቹ ሕይወቷን አተረፉላት። የቀኝ እጇ ነርቭ ግን ተጎድቶ ስለነበር ጣቶቿ እንደ ድሮው መታጠፍ ተዉ።

ችሎቱ ሐሙስ ተጀመረ። ውብነሽ ወንበሯን ስባ ከሠረቀብርሃን ጎን ተቀመጠች፤ በእንግሊዝኛ የሚባለውን ሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ በጆሮው ማቀበል አለባት። ሽቱ ተቀብቷል። ከኋላቸው ሃያ የሚሆኑ ተከታዮቹ ነጭ ለብሰው ሁለት ረድፍ ሞልተዋል።

የሠረቀብርሃን ጠበቃ ለጁሪዎቹ፣ ጥፋተኛ ነው አይደለም ለሚሉት ለዐሥራ ሁለቱ ተራ ሰዎች፣ መክፈቻውን ተናገረ። «ይህ ነገር ለእኔና ለእናንተ እንግዳ ነው» አለ። «በእነዚህ ሰዎች ክርስትና ግን የታወቀ ሥርዓት ነው። መጽሐፋቸው ያዛቸዋል። ደንበኛዬ ወንጀለኛ አይደለም፤ ከሌሎቹ የበለጠ እምነቱን የሚያጠብቅ ሰው ነው።»

ውብነሽ ቃል በቃል አስተላለፈችው። «በእነዚህ ሰዎች ክርስትና» ስትል ምላሷ ላይ የሆነ ነገር የመረራት መሰላት። እነዚህ ሰዎች የተባሉት እሷም ናት፣ እናቷም ናት። ሠረቀብርሃን ግን ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ደስ ብሎታል።

ዕንቁ የሆነውን ተናገረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፣ አታለቅስም። ዓብዩም ቀረበ። ዐቃቤ ሕጉ «አንተ ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ ሲጠይቀው ጫማውን እያየ «እግሯን ይዤ ነበር» አለ። ዕንቁ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ዓርብ ከሰዓት በዕረፍት ሰዓት ውብነሽ ኮሪደር ላይ ውሃ ስትጠጣ የወይንሐረግ አጠገቧ መጥታ ቆመች። ፈገግ ብላለች።

«እህቴ፣ ነጠላ ለብሰሽ ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ አይቼሻለሁ። የእኛው ሰው ነሽ።»

«ከተከሳሽ ቤተሰብ ጋር መነጋገር አልችልም።»

«ወሬ አይደለም። አንድ ቃል ነው። ሰኞ እሱ ሲናገር አሰርኳት ማለቱ አይቀርም፤ መዋሸት አያውቅም። አንቺ ያዝኳት በይው። ደገፍኳት በይው። ፈረንጅ በምን ያውቃል?»

«ያላለውን አልልም።»

የወይንሐረግ ፈገግታዋን አጠፋች። «የእግዚአብሔርን ሰው በአንድ ቃል ልታሳስሪ ነው? ልጅ እንዳለሽ ሰምቻለሁ። እሱ በሰው ላይ ሲጸልይ የሚሆነውን አላየሽም።»

«አሁን ያልሽውን ሁሉ ዳኛዋ ፊት ትደግሚዋለሽ» አለቻትና ጥላት ሄደች።

ሄዳም ለዳኛዋ ተናገረች። የወይንሐረግ ከችሎት እንድትወጣ፣ እንዳትመለስም ታዘዘች። ጠበቃው አስተርጓሚዋ ትቀየርልን ብሎ ነበር፤ ዳኛዋ የውብነሽን ሥራ ለዓመታት አውቃለሁ ብላ አልተቀበለችውም። የዕለቱ ችሎት ሲያበቃ ተከታዮቹ እያንዳንዳቸው ውብነሽን ገላምጠው ወጡ። አንዲት አሮጊት በአጠገቧ ሲያልፉ «ይሁዳ» አሏት፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ።

እሁድ ዕለት ወሬው ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሶ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰው ቁርስ ሲቀማምስ፣ ውብነሽ እንደ ወትሮዋ ከሃኒ አጠገብ ልትቀመጥ ሄደች። ሃኒ አስፐን ሂል ነው የምትኖረው፤ የዐሥር ዓመት ጓደኛዋ ነች። ወንበሩ ላይ ቦርሳዋን አድርጋበታለች፣ አላነሣችውም።

«ምን ሆነሻል?» አለች ውብነሽ።

«ሰው ሁሉ የሚያወራው ስላንቺ ነው። ሀበሻ ወንድሟን ለፈረንጅ አሳልፋ ሰጠች እያሉ ነው።»

«ልጅቷ አምስት ቀን ታስራ ነበር፣ ሃኒ።»

«እሱማ ክፉ ነገር ነው። ግን ገመናችን ነው። ሚስቱን ከፍርድ ቤት ማስወጣት ምን ይሉታል? እሷም ክርስቲያን ናት።»

«ክርስቲያን መሆኗን በምን አወቅሽ?»

ሃኒ ሻይዋን ማማሰል ጀመረች። ውብነሽ ዞር ብላ ቄስ ንጋቱ ወደ ቆሙበት ሄደች። ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ የንስሐ አባቷ ናቸው።

«ወለተ ማርያም» አሏት፣ በክርስትና ስሟ። «ሰምቻለሁ። አይዞሽ።»

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ ሰው የሚያደርገው መጽሐፍ ውስጥ አለ?»

«የለም። ከየት ይመጣል?»

«ታዲያ እሁድ እሁድ ሰው ሁሉ ሲሰማዎ ለምን አይሉትም? ከዚህ ሰበካ ወደ እሱ የሄዱትን እኔ ብቻ አምስት አውቃለሁ።»

ቄስ ንጋቱ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። «ልጄ፣ ነገሩ በሕግ ተይዟል። እኛ ስም ጠርተን ከተናገርን ሰው ይከፈላል። ባለፈው ዓመት በቤተ ክርስቲያኑ ቦርድ ጉዳይ ምን ያህል እንደተበጣበጥን ታውቂያለሽ።»

«እሱ እኮ ስማችሁን ጠርቶ ነው የሚናገረው። ለዘብተኞች ይላችኋል። ፈረንጁ ጠበቃም ክርስትናቸው እንዲህ ነው ብሎ ለጁሪዎቹ ነገራቸው፤ እኔም በአፌ ደገምኩት። አይደለም የሚል አንድ ሰው አልነበረም።»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ ቄስ ንጋቱ።

«እሱማ ያውቃል» አለች ውብነሽ። ሳትሳለም ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሣ ብዙ ተቀመጠች። በሠረቀብርሃን ላይ ያላት ጥላቻ ጠርቶ የሚታይ ነገር ነበር። በቄሱ ላይ የተሰማት ግን ምን እንደሆነ ስም አጣችለት፤ ይበልጥ ያቃጠላትም እሱ ነው።

ሰኞ ሠረቀብርሃን ራሱ ወደ ምስክር ወንበሩ ወጣ። ውብነሽ ከጎኑ ቆመች። ሲናገር ድምፁ ያምራል፤ የት ላይ ዝቅ እንደሚል፣ የት ላይ እንደሚያቆም ያውቃል። በወጣትነቱ እናቱ ታማ ማንም እንዳልደረሰላት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የታመመ ሰው ሲያይ እንቅልፍ እንደማይወስደው ተናገረ። ውብነሽ ሥራዋን ታውቃለች። ዝቅ ሲል ዝቅ አለች፣ ሲያቆም አቆመች፣ የተመረጡትን ቃላቱን በተመረጠ እንግሊዝኛ መለሰች። ከዐሥራ ሁለቱ ጁሪዎች አንዷ ዓይኗን በመሐረብ ስትጠርግ አየች። ያን እንባ ያመጣው የእሷ ምላስ ነው። በዚያች ሰዓት ምላሷን ጠላችው።

ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ ተነሣ። «እጇን አስረዋታል?»

«አሰርኳት» አለ ሠረቀብርሃን፣ ሳያመነታ።

ውብነሽም በእንግሊዝኛ «አሰርኳት» አለች፣ በጠራ ድምፅ፣ በመጀመሪያ መደብ። አንዷም ፊደል አልጎደለችም።

«ለምን?»

«ክርስቶስ ራሱ፣ የኃይለኛውን ቤት ለመበርበር አስቀድሞ ኃይለኛውን ማሰር ያስፈልጋል ብሏል። እንዲህ ያለው ጋኔን ያለ ጾምና ጸሎት አይወጣምም ብሏል። እኔ የታዘዝኩትን አደረግሁ። ትእዛዙን አንብበው የማያደርጉት ናቸው መከሰስ ያለባቸው።» ቀና ብሎ ውብነሽን አያት። «ይህች አስተርጓሚም ታውቀዋለች። ክርስቲያን ናት። እሷን ጠይቋት፤ እውነት መሆኑን በልቧ ታውቃለች።»

ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የማይሰማው ሁሉ ውብነሽን ይጠብቃል። የጠቀሳቸውን ቦታዎች ከልጅነቷ ታውቃቸዋለች። እንዴት እንዳጣመማቸውም አይታለች፤ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን አልተጠየቀችም። «ይህች አስተርጓሚም ታውቀዋለች» አለች በእንግሊዝኛ። «ክርስቲያን ናት። እሷን ጠይቋት። እውነት መሆኑን በልቧ ታውቃለች።» ፊቷ እንደ እሳት ጋለ። ሠረቀብርሃን በከንፈሩ ጫፍ ፈገግ አለ።

ዳኛዋ ስለ አስተርጓሚዋ የተባለው ከመዝገብ እንዲወጣ፣ ዐሥራ ሁለቱም እንዳልሰሙት እንዲቆጥሩት አዘዘች።

ዐቃቤ ሕጉ ዕንቁን ዳግም ጠራት። እሱ የጠየቃት ስለ ኪኒኑ ብቻ ነበር። ከዚያ ጠበቃው ተራውን ወሰደ። ቀጭን፣ ትሑት የሚመስል ሰው ነው።

«ክርስቲያን ነሽ?»

«ነኝ።»

«ጸሎት ይፈውሳል ብለሽ ታምኛለሽ?»

«አምናለሁ።»

«ወደዚያ ቤት የሄድሽው በራስሽ እግር ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው እሱ ያደረገው የራስሽ እምነት፣ የራስሽ መጽሐፍ የሚያዘውን ነው። አይደለም?»

ዕንቁ የማይታጠፉትን ጣቶቿን በግራ እጇ ያዘች። ከዚያ ተናገረች። ውብነሽ አንዱን ሐሳብ እስክትጨርስ እየጠበቀች ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው።

«አምስት ቀን ሲጮህብኝ የነበረውን ቃል ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ፈልጌ አነበብኩት። ኃይለኛው የተባለው ሰይጣን ነው። እኔ አይደለሁም። እንደኔ የሚጥለውን ልጅ አባቱ ሲያመጣው ክርስቶስ ልጁን አላሰረውም፣ ጹምም አላለውም። ስለ ጾም የነገራቸው ደቀ መዛሙርቱን ነው፣ ማውጣት ያቃታቸውን። ይሄ ሰው ያን ጊዜ በቀን ሦስቴ ይበላ ነበር። የወጡ ሽታ ከላይ ይመጣልኝ ነበር።»

ከተከታዮቹ ረድፍ ጉርምርምታ ተሰማ። ዳኛዋ እጇን አነሣች።

«ሌላም አለ» አለች ዕንቁ። «ዐሥራ ስምንት ዓመት የጎበጠች ሴት ነበረች። ሰይጣን አስሯት ነበር ይላል፤ ክርስቶስ በሰንበት ፈታት ይላል። የተቆጣው የምኩራቡ አለቃ ነው። አራቱንም ወንጌል ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁ። ክርስቶስ የታመመ ሰው ያሰረበት ቦታ የለም። የሚያስረው ሌላኛው ነው።»

ውብነሽ የመጨረሻዎቹን ዐረፍተ ነገሮች ቀና ብላ መለሰቻቸው። «እኔ ፈለግሁ» አለች በእንግሊዝኛ። «የሚያስረው ሌላኛው ነው።» የሰው ቃል ነበር፣ የተበደረችው። ሆኖም በዐሥራ ሁለት ዓመት ሥራዋ እንደዚያ ሙሉ አፏን ከፍታ የተናገረችው ቃል የለም።

ጠበቃው ሌላ ጥያቄ የለኝም ብሎ ተቀመጠ። ሠረቀብርሃን አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሮ፣ ዕንቁን ሳይሆን ውብነሽን አፍጥጦ ያያት ነበር።

ዐሥራ ሁለቱ ጁሪዎች በማግስቱ ጥፋተኛ አሉት። ከሁለት ወር በኋላ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ሲወስዱት ተከታዮቹ መዝሙር ጀመሩ፤ ጠባቂዎቹ አስወጧቸው።

በቀጣዩ እሁድ ቄስ ንጋቱ ስለ ሐሰተኛ መምህራን ሰበኩ። ስም አልጠሩም፣ ስለ ታሰረችው ልጅም አላነሡም። ሰው ስለ ጴንጤዎች የተናገሩ መስሎት ራሱን እየነቀነቀ ወጣ። ሃኒ ለውብነሽ መደወል ተወች። የጸሎት ቡድኑም አልፈረሰም። የወይንሐረግ ስፕሪንግፊልድ ሰፋ ያለ ቤት ተከራየች። ሠረቀብርሃን አሁን «እስረኛው አባታችን» ነው፤ ከእስር ቤት በስልክ የሚናገረውን ቀድታ ታሰማቸዋለች። ሐዋርያትም ታስረው ነበር ትላቸዋለች። ሰው በዛላት እንጂ አልቀነሰባትም።

በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ ውብነሽ ለአንድ ሽማግሌ ልታስተረጉም ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ክሊኒክ ሄደች። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ዕንቁ ተቀምጣለች። ወፈር ብላለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች። መዝገቡ ስለተዘጋ መነጋገር ይችላሉ፤ ውብነሽ ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች።

«እትዬ ውብነሽ» አለች ዕንቁ። ግሪንቤልት ክፍል ተከራይታ እንደምትኖር፣ ኪኒኑ እንደተስማማት፣ ሰባት ወር ሙሉ እንዳልጣላት ነገረቻት።

«ወንድምሽስ?»

«ፍርድ ቤት እውነቱን ተናግሯል። እግሬን የያዘው ግን እሱ ነው። ሲደውል አላነሣም።»

«ቤተ ክርስቲያን የት ትሄጃለሽ?»

«የትም።»

ውብነሽ ደነገጠች። ያን ቀን ከሰማችው ነገር በኋላ ይህችን ልጅ በልቧ አንድ ትልቅ ቦታ ላይ አስቀምጣት ነበር። «እንዴት? እንዳንቺ መጽሐፉን የተረዳ ሰው?»

«መጽሐፉን አሁንም አነባለሁ። ሰው የተሰበሰበበት ቤት ግን አልገባም።» ዕንቁ አልተቆጣችም፤ ድምፅዋ እንደ ፍርድ ቤቱ ቀን ዝቅ ያለ ነው። «ቤዝመንቱ ውስጥ ቆመው የነበሩት ዐሥራ አራት ሰዎች ናቸው። ሁሉም መጽሐፍ ይዘዋል። ከታሰረ በኋላ ቄሱም ፓስተሩም እየደወለ እሱ እኛን አይወክልም፣ ክርስትና እንዲህ አይደለም አለኝ። እኔማ አውቄዋለሁ፤ እጄ ነው ያሳወቀኝ። ለእሱ ማን ነገረው? ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሠራ፣ አይደለም ብሎ በሩን ያንኳኳ ማን ነው?»

ውብነሽ ወንበሯን ወደ ዕንቁ አስጠጋች። ከዚያ ለማንም ያልተናገረችውን ተናገረች። «ማስታወቂያውን አይቼው ነበር። ከክሱ ሁለት ዓመት በፊት። ሀበሻ ግሮሰሪ በር ላይ ፎቶውን ለጥፎ፣ መድኃኒታችሁን ጥላችሁ ኑ ይላል። አንብቤ ሳቅሁ።»

«ብዙ ሰው ስቋል» አለች ዕንቁ።

ነርሷ ስሟን ጠራች። ዕንቁ ቦርሳዋን በግራ እጇ አንሥታ ገባች። ስትወጣ ውብነሽ ከሽማግሌው ጋር ሐኪም ክፍል ነበረች፤ አልተሰነባበቱም።

በዚያ ሳምንት ውብነሽ ስፕሪንግፊልድ ያለውን የየወይንሐረግን ቤት አድራሻ አፈላልጋ አገኘች። በወረቀት ጽፋ ለቄስ ንጋቱ ሰጠቻቸው፤ አብረን ሄደን እናነጋግራቸው አለቻቸው። «እናስብበት» ብለው ወረቀቱን ኪሳቸው ከተቱት። በወሩ ስታስታውሳቸው ጾሙ ይለፍ አሉ። ጾሙ አለፈ፣ አልሄዱም። እሷም ብቻዋን አልሄደችም።